ሁለተኛው ጥያቄ

አንድ ሰው ያሳደጋት ልጅ እስከ ምን ድረስ ልትሄድ እንደምትችል በእርግጥ ያውቃል? ሄልካ ዓርብ ጠዋት በወንድሟ በታውኖ ወርክሾፕ ደጃፍ ላይ ቆማ ይህን ራሷን ጠየቀች። ታውኖ ከምድጃው አጠገብ ባለችው አልጋ ላይ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ ተኝቷል። ጉንጩ ቀልቷል። ለሩቅ ተመልካች ገና አሁን ከሳውና እንፋሎት የወጣ ይመስላል። እጁን ስትነካው ግን በረዶ ሆኗል።

መስኮቱን ከፈተችና ቀና አለች። የምድጃው የጭስ መውጫ ክዳን ተዘግቷል። እዚህ ኮይቩኒየሚ መንደር ውስጥ ያደገ ሰው ያንን ብረት ከመሳቡ በፊት ጎንበስ ብሎ ከፍሙ ላይ የመጨረሻዋ ሰማያዊ ነበልባል መጥፋቷን ያያል። ቸኩሎ የዘጋ ሰው ሽታ የሌለው መርዝ ቤቱን ይሞላበታል፤ ዘግይቶ የዘጋ ደግሞ ሙቀቱ ከጭሱ ጋር ሽቅብ ይሄድበታል። ታውኖ ነገሩን ለዓይኑ ብቻ አልተወውም። አየሩን የሚያሸት መሣሪያ ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኝቶ፣ መርዙ ሲመጣ ሐይቁ ማዶ ድረስ የሚሰማ ደወል የሚያስጮህ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። ከሱቅ የሚገዛውን ደወል ይንቀዋል፤ ዳቦ ባረረ ቁጥር የሚያለቅስ ነው ይላል። አሁን የእሱም ደወል ዝም ብሏል። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ብቻ ይነበባል፦ «የማይፈቀድ ትእዛዝ፤ ፕሮግራሙ ቆሟል።»

ያንን ፕሮግራም ትናንት ከምሳ በኋላ እንደ አዲስ ያዘጋጀችው ኢንካ ናት፤ ሄልካ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት የልጅ ልጇ። ከበሩ ጎን ባለው ሚስማር ላይ ደግሞ የኢንካ ቢጫ የዝናብ ካፖርት ተንጠልጥሏል።

ሄልካ ፖሊስ ጋ ወዲያው አልደወለችም። መጀመሪያ አንድ ሥራ ነበራት።

ከኩዎፒዮ ከተማ የመጣችው መርማሪ ኬርቱ ሳሎ ትባላለች። ሃምሳ የሚጠጋት፣ ቀጠን ያለች፣ ሰው ሲያናግራት ፊቱን ትታ ዕቃ ዕቃውን የምታይ ሴት ናት። ሄልካ ወጥ ቤት ውስጥ አስቀምጣት ቡና ቀዳችላት፤ ስኳሩን ግን ከመደርደሪያው ራሷ እንድታወርድ ለመነቻት። በመጋቢት በረዶው ላይ ወድቃ ትከሻዋ ከተሰበረ ወዲህ ቀኝ እጇ ከደረቷ በላይ አይነሳም።

ሄልካ የሐሙሱን ነገር ተረከችላት። ሐሙስ እንደ ወትሮው የአተር ሾርባ ነበር። ገበታው ላይ ታውኖ፣ ኢንካና ኡርሆ ነበሩ። ኡርሆ የታውኖ የረጅም ዘመን የሥራ ባልደረባ ነው። ሰው የሚጽፈውን ፕሮግራም ማሽኑ ወደሚገባው ትእዛዝ የሚለውጠውን ኮምፓይለር ታውኖ ይሠራል፤ ማሽኑን የሚያስተዳድረውን ስርዓተ ክወና ደግሞ ኡርሆ። ሾርባው ላይ ታውኖና ኢንካ ስለ ፕሮግራሙ ተከራከሩ። ኡርሆ «ተዪው የኔ ልጅ፣ ሽማግሌ ነው፤ እኔም በዚህ አፉ ስንት ዓመት ተቃጥያለሁ» ብሎ አሳቃቸው። ቢሆንም ኢንካ ሥራዋን ጨርሳ አውቶቡስ ልትሳፈር ስትወጣ በሩን በንዴት አጋጭታ ነው የዘጋችው።

ሄልካ የቡናውን ማንቆርቆሪያ ምድጃው ላይ መለሰች። ከዚያም ሳትጠየቅ፣ «የጭስ መውጫውን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለች። «ሊመሽ ሲል ገባሁ። ተኝቷል። ሙቀቱ ይባክናል ብዬ ሳብኩት። አርጅቻለሁ እኮ፣ ፍሙን አላየሁትም።»

ኬርቱ ቡናዋን እያማሰለች «በየትኛው እጅዎ?» አለች።

«በቀኙ ነዋ።»

«ገባኝ።» ከዚያ በላይ አልጠየቀቻትም። ዓይኗ ከምድጃው አጠገብ ወደሚደርቀው ቢጫ ካፖርት ሄዷል። ተነስታ እጅጌውን ዳሰሰችው። የሳሙና ሽታ አለው። ውጭ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይጥላል፤ ሐሙስ ሊመሽ ሲል ጀምሮ አላባራም።

ካፖርቱ የማን እንደሆነ ስትጠይቃት ሄልካ የኢንካ መሆኑንና በጣም ቆሽሾ እንደነበር ነገረቻት፤ ፊቷን ግን ወደ ምጣዱ አዞረች።

ስለ ታውኖ ሰሞነኛ ሁኔታ ስትጠይቃት ግን ሄልካ አልተሸሸገችም። ከሁለት ዓመት በፊት እዚያው አካባቢ ባለ እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ግንድ የሚያነሳው የማሽን ክንድ ባልታሰበ አቅጣጫ ዞሮ ሬይዮ የሚባል ወጣት ሠራተኛ ገደለ። ማሽኑን የሚያዘው ፕሮግራም በታውኖ ኮምፓይለር፣ በኡርሆ ስርዓት ላይ የሚሠራ ነበር። ጥፋቱ የኮምፓይለሩ ነው ተባለ። ማንም አልከሰሰውም፤ ታውኖ ግን ራሱን ከሰሰ። ምግብ ተወ። በሬይዮ እናት ቤት ፊት ለፊት ማለፍ አቅቶት በሐይቁ ዳር ዞሮ መሄድ ጀመረ።

«በቅርቡ መሰንጠቂያው አሮጌ ኮምፒዩተሩን ሲጥል በተጎታች ጭኖ አመጣው» አለች ሄልካ። «ወርክሾፑ ጥግ ያለው እሱ ነው። ባለፈው እሑድ ከዚያ ወጥቶ መጣና ሁለት ሳህን በላ። ሁለት ሳህን፣ እሱ! ከዚያ እጄን ይዞ 'ሄልካ፣ እኔ አይደለሁም' አለኝ። ምኑን ስለው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ የመሰንጠቂያው ሰዎች ጋ ደርሼ ስመለስ እነግርሻለሁ አለኝ። ሰኞን ሳያይ ቀረ።»

ወደ ቡናዋ የተመለሰችው ኬርቱ ማማሰሏን አቆመች።

ወርክሾፑ ውስጥ ዮውኒ የሚባለው የፖሊስ ኮምፒዩተር ባለሙያ ግራ ተጋብቶ ነበር። ሲደርስ ሶኬቱን ነቅሎ እንደገና ሰክቶታል፤ ያጣራውም ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያ ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ልጅቷ ኮምፓይለሩን ልዩ ትእዛዞችን ተጠቀም ብላዋለች፣ የዚህ ኮምፒዩተር አንጎል፣ ፕሮሰሰሩ፣ ትእዛዞቹን አያውቃቸውም፣ ስለዚህ ፕሮግራሙ ሞተ። ችግሩ፣ ኮምፒዩተሩ ተነስቶ ፕሮግራሙን ሲያስጀምረው ምንም ሳይሆን መሥራቱ ነው። ከሰል አጭሶ ሲያስጠጋበት ደወሉ ጆሮውን ሊያደነቁረው ነበር።

«ሐሙስ የሞተ ፕሮግራም ዓርብ ከተነሳ፣ ወይ ትንሣኤ ነው ወይ እኔ ሥራ መቀየር አለብኝ» አለ።

«ሥራህን አሁን አትቀይር» አለችው ኬርቱ፤ «ልጅቷ እየመጣች ነው።»

ኢንካ በጥቁር ካፖርት፣ ዓይኗ አብጦ፣ ከአውቶቡሱ ወረደች። ኬርቱ ወርክሾፑ ውስጥ አስቀምጣት ለማያውቅ ሰው በሚገባ ቋንቋ ታስረዳት ዘንድ ጠየቀቻት። ልጅቷ ጣቶቿን እያፍተለተለች አስረዳቻት። ፕሮሰሰር ቁጥሮች የሚይዝባቸው መሳቢያዎች አሉት። አዳዲሶቹ ፕሮሰሰሮች ሰፋፊ መሳቢያዎች ተጨምረውላቸዋል፤ በእነሱ የሚሠሩት ልዩ ትእዛዞች ሥራን በጣም ያፈጥናሉ። ነገር ግን አንድ ፕሮሰሰር ብዙ ፕሮግራም በየተራ ነው የሚያስተናግደው። የአንዱ ተራ ሲያልቅ ስርዓቱ የእሱን ዕቃ ከመሳቢያው አውጥቶ አስቀምጦ፣ ተራው ሲመለስ መልሶ ሊያኖርለት ይገባል። ስርዓቱ ሰፋፊዎቹን መሳቢያዎች እጠብቃለሁ ብሎ ቃል ካልገባ፣ ፕሮሰሰሩ ትእዛዙን ቢያውቀውም አይፈጽምም።

«ጋሼ ታውኖ ሁለት ጥያቄ ጠይቂ ይለኝ ነበር» አለች። «መጀመሪያ ፕሮሰሰሩን፦ ትችላለህ? ቀጥሎ ስርዓቱን፦ ትጠብቅልኛለህ? ከሁለት አንዱ እምቢ ካለ በአሮጌው፣ በቀርፋፋው መንገድ ሂጂ። እኔ የመጀመሪያውን ጠየቅኩ። ሁለተኛውን ዘለልኩት።»

«ለምን?»

«ማሽኑ ያው፣ ስርዓቱ ያው። ምን ብዬ ልጠይቅ? ሾርባ ላይ የተጣላነው በእሱ ነው።» አንገቷን ደፋች። «ከመሄዴ በፊት ከሰል አስጠግቼበት ጮኋል። እማማ ሄልካ ደንግጣ ጭልፋ ጣለች። ከዚያ ምን እንደሆነ አላውቅም። ግን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ አይደል?»

ኬርቱ ጥቁሩን ካፖርት እያየች፣ ሐሙስም ይህንኑ ለብሳ እንደሄደች ጠየቀቻት። ኢንካ አዎን አለች፤ ቢጫው ሁልጊዜ ወርክሾፑ በር ላይ ነው የሚውለው፣ ዝናብ የያዘው ሁሉ ይደርበዋል። የአውቶቡሱ ሾፌርም በኋላ ይህንኑ አረጋገጠ፦ ልጅቷ በጥቁር ካፖርት ተሳፍራ፣ ዝናቡ ሲጀምር እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

ኡርሆ ቤቱ ከሐይቁ ማዶ ነው። ትንሽ ሰውዬ ነው፤ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ እግሩ ወለሉን ለመንካት ይቸገራል። ኬርቱን በትሕትና ተቀብሎ ከኪሱ ጥቁር ጨዋማ ከረሜላ አቀረበላት። እሱ ያለዚህ ከረሜላ አይውልም። ኢንካ ሕፃን ሆና አንዴ አቅምሷት ጫማው ላይ እንዳስታወከችበት ሲነግራት ፈገግ አለ፤ ከዚያ ወዲህ ሽታውም አያስጠጋት።

ሐሙስ ከታውኖ ጋር ትንሽ አውርቼ፣ ዝናቡ ሳይጀምር፣ ቀኑ ገና ሳለ ወጥቻለሁ አለ። ሲወጣ ደወሉ በደህና ይሠራ ነበር። ኬርቱ ፕሮግራሙ እንደቆመ ብቻ ነገረችው።

ኡርሆ ራሱን ነቀነቀ። «እባክሽ ልጅቷ ላይ አትጨክኚ። አዲስ ትእዛዝ አሮጌ ስርዓት ላይ ሲወድቅ እንዲህ ነው የሚሆነው። ማንም ይሳሳታል። እኔም በጉብዝናዬ ስንቴ ሠርቼዋለሁ።»

ኬርቱ ከረሜላውን አፏ ውስጥ አስገባች፤ ፊቷ ተጨማደደ። አመስግናው ወጣች።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሁሉም በሄልካ ወጥ ቤት ተሰበሰቡ። ኢንካ መስኮቱ ሥር፣ ኡርሆ ጠረጴዛው ራስጌ፣ ዮውኒ በሩ አጠገብ። ሄልካ መቀመጥ አልቻለችም። የቀረበውን ዳቦ የነካ ሰው የለም፤ እሷ ግን ደጋግማ ወደ ኢንካ ታስጠጋዋለች። ወንድሟን ቀብራ ይህችንም ልጅ እስር ቤት የምትጠይቅ ከሆነ ምን እንደሚቀራት አታውቅም።

ኬርቱ ቆማ ነው የጀመረችው።

«ከፕሮግራሙ እንነሳ። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ጮኋል፤ ወይዘሮ ሄልካም ሰምተዋል። ሐሙስ ማታ ሞቷል። ዓርብ ሠርቷል። ፕሮግራሙ አልተለወጠም። ፕሮሰሰሩም አልተለወጠም። የቀረው ሦስተኛው ነው፦ ስርዓቱ።»

ዮውኒ ቀበል አድርጎ አስረዳ። ኮምፒዩተሩ ውስጥ የኡርሆ ስርዓት ሁለት ዓይነት ነው፦ አዲሱና ስለ ሰፋፊ መሳቢያዎች ምንም የማያውቀው የድሮው። ዝም ብለው ካስነሱት አዲሱ ነው የሚመጣው። የድሮው የሚመጣው ሰው ሲነሳ ጠብቆ በእጁ ከመረጠው ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት የድሮውን መርጦ ሲያስነሳው ፕሮግራሙ ያንኑ መስመር ጽፎ ሞቷል።

«ስለዚህ ሐሙስ ሊመሽ ሲል አንድ ሰው በእጁ መርጦታል» አለች ኬርቱ። «ኢንካ አውቶቡስ ላይ ነበረች። ወይዘሮ ሄልካ የድሮና አዲስ ስርዓት መኖሩን አያውቁም። ሁለት ጥያቄ ሳይጠየቅ አይሆንም የሚል፣ እንደ አቶ ታውኖ ያለ ሰው ደግሞ ደወሉን ገድሎ ከፍም አጠገብ አይተኛም። አቶ ኡርሆ፣ ማንም ስለ ስርዓት አንድ ቃል ሳይነግርዎ 'አሮጌ ስርዓት' አሉኝ። የራሴ ባለሙያ እንኳ ያን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ነው ይል ነበር።»

ኡርሆ ቀስ ብሎ «ግምት ነው» አለ። «የሙያው ሰው የሚገምተው ነው።»

«ሊሆን ይችላል። ልጅቷ ሁለተኛውን ጥያቄ መዝለሏንም ሾርባው ላይ ሰምተዋል፤ የትኛው ስርዓት ፕሮግራሙን እንደሚገድለው ለማወቅ ያ ይበቃል። አሁን ወደ ክዳኑ።» ኬርቱ ወደ ሄልካ ዞረች። «ወይዘሮ ሄልካ፣ ክዳኑ የሚሳብበት ሰንሰለት ከራስዎ በላይ ነው። በቀኝ እጄ ሳብኩት ያሉኝ ሴት ስኳር ማውረድ አልቻሉም። እርስዎ አልዘጉትም። ግን ለምን እንደዚያ እንዳሉ ራሴን ስጠይቅ፣ ይህ ታየኝ።»

ቢጫውን ካፖርት ከምድጃው አጠገብ ካለው ሚስማር አወረደች።

«የዝናብ ካፖርት ማንም በሳሙና አያጥብም፤ ዝናብ ያጥበዋል። ይሄ ግን ታጥቧል፣ ያውም ዓርብ ጠዋት፣ ወንድምዎ ሞተው በተገኙ ዕለት። ምን ነበረበት?»

ሄልካ ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች። «ጥላሸት። ቀኝ እጅጌው ላይ።»

«ክዳኑን የሳበ እጅ። ሐሙስስ በመስኮት ምን አዩ?»

«ቢጫውን ካፖርት። ወርክሾፑ በር ላይ። ኮፍያው ተደፍቶ። ጨልሞ ነበር፤ ዝናቡ ነበር…»

«ፊት አላዩም። ያዩት ካፖርት ነው። ዝናብ ሲመጣ ከበሩ ያገኘውን ካፖርት የደረበ ትንሽ ሰው።» ኬርቱ እጇን ወደ ውስጠኛው ኪስ ከተተች። ያወጣችው ነገር ጥቁር ነው፤ ውኃ አሟሙቶት ጨርቁ ላይ ተጣብቆ የደረቀ። ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሽታው ሁሉንም ደረሳቸው። ኢንካ ፊቷን ዞር አደረገች። «ወይዘሮ ሄልካ እጅጌውን አጥበውታል፤ ኪሱን ግን አልፈተሹትም። ዝናቡ ሳይጀምር ወጣሁ ያሉት ሰው፣ አቶ ኡርሆ፣ በዝናብ ካፖርት ኪስ ውስጥ ከረሜላ ትተዋል።»

ኡርሆ ከረሜላውን አየው። የሚክድ የመሰለበት ጊዜ ነበር፤ አለፈ። ትከሻው ወረደ።

«መሰንጠቂያው ላይ የነበረው ስርዓት፣» አለ ሰውዬው ማንንም ሳያይ፣ «መሳቢያዎቹን እጠብቃለሁ ብሎ ቃል የገባ ነው። ቃሉን ጻፍኩት። ጥበቃውን በሚቀጥለው ሳምንት እጽፋለሁ አልኩ። የበጋው በዓል መጣ፣ ወደ ጎጆዬ ሄድኩ፣ ዓሣ አጠመድኩ። ስመለስ ረሳሁት። የአንዱ ፕሮግራም ቁጥር የሌላው መሳቢያ ውስጥ ቀረ፤ ክንዱም በዚያ ቁጥር ዞረ።»

«አደጋው ሲደርስስ?»

«ገባኝ። በዚያው ሰሞን አስተካክዬ አዲስ ብዬ ላክሁላቸው። ታውኖ እኔ ነኝ፣ ኮምፓይለሬ ነው ሲል ዝም አልኩ። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ በየሐሙሱ ሾርባ እየበላሁ ሲከሳ አየሁት። ከዚያ ያንን አሮጌ ኮምፒዩተር አመጣ፤ የአደጋው ጊዜ ስርዓት ገና ውስጡ ነበር። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ነገረኝ፤ አልተቆጣም እኮ። 'አብረን እንሂድ፣ ለእናትየዋም አብረን እንንገር' አለኝ። አብሬው መሄድ ነበረብኝ። ያን ካፖርት ደርቤ ደጅ ወጥቼ ስመለስ ተኝቶ ነበር። ፍሙ ሰማያዊ ነበር፤ አይቼዋለሁ።»

ዮውኒ ክንዱን ሲይዘው አልተቃወመም። በሩ ላይ ሲደርስ ወደ ኢንካ ዞሮ፣ «ሁለተኛውን ጥያቄ መዝለል የተማርሽው ከእኔ ነው» አለ፤ ወጡ።

ኬርቱ ኢንካን፣ የዘለለችው ነገር ስህተት እንጂ ወንጀል አለመሆኑን ነገረቻት። ሄልካን ደግሞ ካፖርቱን በማጠቧ ወንጀለኛው ሊያመልጥ እንደነበር፣ ይህም ለብቻው እንደሚያስጠይቃት፣ ግን በሌላ ቀን እንደሚነጋገሩበት ገልጻላት ተሰናበተች።

ሄልካ ፈጣሪን ለማመስገን አፏን ከፈተች፤ ልጄ ተረፈችልኝ ልትል። ኢንካ ግን ካፖርቱን እያየች ነበር። ንጹሕ እጅጌውን፣ ከታጠበ በኋላ በጥንቃቄ የተዘረጋውን። ነገሩ ፊቷ ላይ ቀስ እያለ ሲገባት ሄልካ አየችው። ዓርብ ጠዋት ስልኩ እዚያው ግድግዳው ላይ ነበር። ደውሎ «አንቺ ነሽ?» ማለት ይቻል ነበር። ሄልካ ሳሙና ነው ያነሳችው።

«ላንቺ ብዬ ነው» አለች ሄልካ። «ምን ላድርግ፣ ሌላ ማን አለኝ? ቢወስዱሽስ ብዬ… እኔ ብታሰር ምን ይጎድላል? ዳቦ እንኳ አልበላሽም።»

ኢንካ ተነስታ ጥቁር ካፖርቷን ለበሰች፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈች። ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። ሄልካ ቢጫውን ካፖርት በግራ እጇ አንስታ ዘረጋችላት፤ ያ ስስ ነው፣ ይበርድሻል፣ ይሄን ደርቢበት አለቻት።

ልጅቷ ተቀበለቻት። ለአፍታ ያዘችው። ከዚያ መልሳ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው፤ እጅጌው እንዳይተጣጠፍ አስተካከለችው፤ በሩንም ድምፅ ሳታሰማ ከኋላዋ ዘግታ ወጣች።